በክር የታሰረው እስክሪብቶ

ለአምቦ ሕዝብ በጥብቅ እናስታውቃለን፦ ፍል ውሃው አጠገብ ያለው አልጋ ቤት የእንግዳ መዝገቡን እስክሪብቶ በክር አስሯል። ሌባ ሁሉ ይህን አውቆ ይጠንቀቅ!

ዛሬ ጠዋት ጉልበቷ ያበጠባትን እናቴን ከእጃጂ አምጥቼ፣ ሦስት ቀን ሰንብታ እንድትታጠብ አልጋ ጠየቅሁ።

የአልጋ ቤቱ ጸሐፊ «የመታወቂያ ወረቀት?» አላት።

እናቴ ወረቀት ኖሯት አያውቅም። እንደ አገሯ ደንብ ማንነቷን በአያት ቆጠረችለት። «የጫላ ልጅ ነኝ፤ ጫላ የዲንቃ፣ ዲንቃ የቶላ...» እያለች ሰባተኛው ላይ ደረሰች።

«አዴ፣ ከእነዚህ ውስጥ ማኅተም ያለው የትኛው ነው?»

«እኔ ዋስ ልሁናት» አልኩ።

«አንተንስ ማን ያውቅሃል?»

ወዲያው አንድ ባለ ከረባት ገባ። «ጌታዬ፣ እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልን» ተባለ። ስሙን እንኳ የጠየቀው የለም። የቀረችውን አንድ አልጋ ወሰደ።

እናቴን ሳትታጠብ በመጣችበት አውቶቡስ መለስኳት። መንገዱን ሙሉ «የቱን አያት ዘልዬ ይሆን?» ትለኛለች።

እናንተስ የማን በር ላይ ነው ማንነታችሁ የጠፋው? እስቲ ንገሩኝ።

እርማት፦ ከላይ «እስክሪብቶውን በክር አስሯል» ያልነው ተስተካክሎ ይነበብ። ባለ ከረባቱ ፈርሞ ካለፈ ወዲህ ታስሮ የሚገኘው ክሩ ብቻ ነው።