በር ከፋቿ ሄቲ ብሩባከር

ሆሊውድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ተዋናይ አለ፤ በር የሚከፈትለትና በር የሚከፍት። ሄቲ ብሩባከር ከሁለተኞቹ ነበረች። ዐሥር ዓመት ሙሉ ድምፅ በሌላቸው ፊልሞች ላይ ቤት አከራይ እየሆነች በር ከፍታለች፤ ያንኳኳውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ገላምጣ መልሳ ዘግታበታለች። ማስታወቂያው ላይ ስሟ አይጻፍም። መንገድ ላይ ያያት ሰው ግን ቆም ይልና "ይህቺ ሴትዮ የሆነ ጊዜ ከቤቷ አስወጥታኛለች" ይላል። ፊቷ እንዲያ ነበር። ሄቲ ግን እንኳን ሰው ልታባርር፣ ሶፋዋ ላይ የተኛ የጎረቤት ድመት መቀስቀስ አይሆንላትም።

ያደገችው ኔብራስካ ውስጥ ሜሰን ግሮቭ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በበቆሎ ማሳ መሃል ነው። አባቷ አሞስ ብሩባከር የከተማው አንጥረኛ ነበር። እናቷ ቀድማ ስለሞተች ቤቱን የያዘችው ገና በልጅነቷ ሄቲ ናት፤ ማታ ማታ አባቷ ጥላሸት በጥላሸት ሆኖ ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ "ጫማህን ጠርገህ ግባ!" ትለዋለች። ያ ብረት እንደ ቅቤ የሚያጣምም ሰውዬ ትእዛዙን ተቀብሎ ጫማውን ይጠርጋል። ካደገች በኋላ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጣ መስመር ስታገናኝ ኖረች። ሚስቱ ምጥ የያዛት ገበሬም፣ ላሙ የጠፋበትም፣ ሰው የሞተበትም መጀመሪያ የሚሰማው የሄቲን ድምፅ ነበር። በኋላ አክስቷን ልትጠይቅ ሎስ አንጀለስ ሄደች፤ አንድ የፊልም ሰው ገበያ ላይ አይቷት "ይህ ፊት ለአከራይነት የተፈጠረ ነው" አለ፤ በዚያው ቀረች።

እሷ የመጀመሪያውን በር በከፈተችበት ዓመት አሞስ ዓይኖቹን አጣ። ከጋለ ብረት የተፈናጠረ ፍንጣሪ አንዱን ወሰደው፣ ሌላውም ብዙ አልቆየ። የልጁን ፊልም "ለማየት" ሲኒማ ቤት የሄደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ኤልመር አጠገቡ ተቀምጦ ይተርክለት ነበር።

"አሁን በሩን ከፈተች።"

"እሺ።"

"አሁን ዘጋችው።"

"ከዚያስ?"

"በቃ፣ ይኸው ነው።"

አሞስ ባርኔጣውን አንስቶ ብድግ አለ። "በር ሲከፈትና ሲዘጋ ለመስማት እኔም ቤት በር አለኝ" ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰም። ሄቲ ወሬው በደብዳቤ ሲደርሳት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አባቷ እኮ የእሷን ሥራ ሳያውቅ ሊሞት ነው።

ከዚያ ፊልም አፍ አወጣ። በ1929 በእነሱ አቆጣጠር ከተማው ውስጥ ጉድ ፈላ ብል አላጋነንኩም። ትናንት ዓይኑን እያንከባለለ ሴቱን ሁሉ ያሳበደ ሸጋ፣ ዛሬ ድምፁ እንደ ጫጩት ሆኖ ተገኘና እቤቱ ተደበቀ። ስቱዲዮው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ተዋናይ ሁሉ የድምፅ ፈተና ይወስዳል፣ የወደቀ ይሰናበታል። ሰው ሁሉ ሲያዝን ሄቲ ብቻዋን ደስ አላት። ደስታዋን ግን ለማንም አልተናገረችም። አንድ መስመር እንኳ፣ አንድ መስመር ብቻ ብናገር አባዬ ይሰማኛል፤ ሐሳቧ ይኸው ነበር።

በዚያ ሰሞን የሆሊውድ ሰው ሁሉ አንድ በሽታ ያዘው። በማይክሮፎን የሚያምረው የእንግሊዝ መኳንንት አነጋገር ብቻ ነው ተባለና፣ የቴክሳሱ ፈረሰኛም የቺካጎው ወሮበላም አስተማሪ ቀጠረ። ሄቲም ሄደች። አስተማሪዋ ወይዘሮ ፔንፊልድ ነበሩ፤ የለንደን መድረክ እመቤት ነኝ ይላሉ፣ እኔ ግን ለንደንን ከፖስታ ካርድ ሌላ ያዩዋት አይመስለኝም። ቡሽ ጥርሷ መሃል አስነክሰው ያስለፈልፏት ጀመር።

"ወይዘሪት ብሩባከር፣ ድምፅዎ ውስጥ በቆሎ አለ" አሏት።

"በቆሎ አብቃዮች መሃል ነው ያደግሁት።"

"ይትፉታ!"

ሄቲ በስድስት ሳምንት በቆሎውን ተፋች። ለፈተና ስትቀርብ ቃላቱ እንደ ዕንቁ እየተሽከረከሩ ከአፏ ወጡ። ቢሮ ያሉት አለቆች ሰምተው "በጣም ጥሩ፣ እሷ ትቆይ" አሉ። ብዙዎቹ ጓደኞቿ ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው ሲወጡ እሷ ቀረች፤ አራት መስመር የምትናገርበት የአከራይ ሚናም ተሰጣት። ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋለች ትሉ ይሆናል።

በቀረጻው ቀን ጠዋት አዳራሹ እንደ ምድጃ ግሏል። ካሜራው ጩኸቱ እንዳይሰማ ከነካሜራማኑ ታሽጎ በትልቅ ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል፤ ሰውዬው በየዐሥር ደቂቃው ላቡን እያንጠባጠበ ይወጣል። ማይክሮፎኑ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ስለተደበቀ ተዋናዮቹ ሁሉ አበባ እንደሚያሸት ሰው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። የሄቲ ሽርጥ በስታርች ደርቆ ስለነበር ስትራመድ ማይክሮፎኑ ውስጥ እንደ እሳት ተንጣጣ፤ አውልቀው አሮጌ ለስላሳ ሽርጥ አለበሷት። ይህን ሁሉ የሚያዘው በመስታወት ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ የሚቀመጠው የድምፅ ሰው ላይል ደንፊ ነው።

"ሄቲ፣ ነይ እስቲ" አለ ላይል መብራቱ እስኪስተካከል። "የፈተናሽን ድምፅ ሰምተሽዋል?"

"ማን ያሰማኛል?"

መርፌውን ድምፅ በሚቀረጽበት የሰም ሸክላ ላይ አስቀመጠላት። አንዲት እመቤት መናገር ጀመረች፤ ክብርት፣ ቀዝቃዛ፣ የማታውቃት ሴት። ሄቲ በመጀመሪያ የሌላ ሰው ድምፅ የከፈተላት መሰላት። ከዚያ የራሷ መሆኑ ገባት። ዐሥር ዓመት ጠብቃ፣ አባቷ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ይህን ቢሰማ "ይህቺ ሴትዮ ማን ናት? ሄቲስ መቼ ነው የምትመጣው?" ማለቱ አይቀርም።

"ላይል፣ በራሴ ድምፅ ብናገረውስ?"

"የራስሽ የቱ ነው? እኔ እኮ ሰምቼው አላውቅም።"

"በፊት ስልክ ቤት ነበርኩ።"

ላይል ሳቀ። "እንግዲያው ደውይልኝ። እኔም እንደ ስልክ ሰው ነኝ፤ አታዪኝም እንጂ እሰማሻለሁ። እዚህ አዳራሽ ዓመቱን ሙሉ ሁሉም ሲጮህብኝ ከረመ፤ እስቲ አንድ ሰው እንኳ ያናግረኝ።"

ዳይሬክተሩ ኬስለር ይህን ሲሰማ ጸጉሩን ያዘ። ኬስለር ዐሥራ አምስት ዓመት በድምፅ ማጉያ ቀንድ እየጮኸ ፊልም የሠራ ሰው ነው። አሁን ቀንዱን ቀምተውታል፤ ይሁንና አፉ አላርፍ እያለው በየቀረጻው መሃል "አሁን ተቆጪ! አሁን አልቅሽ!" እያለ ስንቱን አበላሽቷል። ስለዚህ ቀረጻ ሲጀመር መሐረቡን ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ይወትፋል።

"ሄቲ፣ ስሚኝ" አላት። "ቢሮ ያጸደቀው ያኛውን ድምፅ ነው። ይህን ካልወደዱት ነገ ጠዋት በሩ ላይ ነሽ፤ እኔም አላድንሽም።"

"በር እንደሆነ ልምዴ ነው።"

"ቀልዱን ተይ! እንጀራሽ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ ሚስተር ኬስለር። መሐረብህን ጉረስ።"

ቀይ መብራቱ በራ። ዝናብ የደበደበው ወጣት አንኳኳ፤ ሄቲ በሩን ከፈተች። ገላመጠችው። ከዚያ እንደ ወይዘሮ ፔንፊልድ አንገቷን ሳታቀና፣ ወደ አበባውም ሳትሰግግ፣ የማታየውን አንድ ሰው በስልክ እንደምታናግር ቀስ ብላ፣ "ክፍል የለም" አለች። ከኋላው ዝናቡን አየች። "በዚህ ዝናብ ወዴት ትሄዳለህ ታዲያ? ሾርባ አለ።" ጽሑፉ ላይ የቀረው "ግባ" የሚል ቃል ብቻ ነበር። የሄቲ አፍ ግን የለመደውን አወጣ። "ጫማህን ጠርገህ ግባ።"

ኬስለር መሐረቡን ከአፉ መዞ አወጣ። "ጽሑፉ ላይ ጫማ የለም" አለ። ከዚያ ዓይኑን ጠራረገበት። "ሌላ አንቀርጽም። ይኸው ነው።"

ላይል ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከመስታወት ክፍሉ ወጣ። "ሄቲ፣ እኔ ራሴ ጫማዬን ልጠርግ ነበር" አላት።

አለቆቹ ግን ሲሰሙ ፊታቸውን አጠቆሩ። አንደኛው "የገጠር ሴት ናት" አለ፤ ሌላው "በሌላ ትተካ" አለ። ፊልሙ ፓሳዲና ከተማ ውስጥ ለሙከራ ለሕዝብ ሊታይ ቀኑ ስለተቆረጠ ብቻ "ሕዝቡ ይሳቅባትና እናባርራታለን" ብለው ተዉት። ሄቲ በዚያ ሳምንት ምግብ አልወረደላትም። ልብሷን አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከታ ጠበቀች።

ሕዝቡ በእርግጥ ሳቀ። በመሳፍንት አንደበት የሚንቀባረሩት ዋና ተዋናዮች አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሄቲ በሩን ከፍታ "ክፍል የለም" ስትል ግን ሳቁ ቀጥ አለ። "ሾርባ አለ" ስትል አንዲት ሴት ጮክ ብላ "እሰይ!" አለች። ከትዕይንቱ በኋላ ሰዎቹ አስተያየት በሚጽፉበት ካርድ ላይ ግማሾቹ አንድ ጥያቄ ጽፈው ሄዱ፤ አከራይዋ ማን ናት? ያኔ "በሌላ ትተካ" ያለው አለቃ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣና "ድሮም ብዬ ነበር" አላት። የአምስት ዓመት ውል ፈረመች፤ ስሟም ለመጀመሪያ ጊዜ ማስታወቂያ ላይ ወጣ። ወይዘሮ ፔንፊልድም የሚያስተምሩትን ለወጡ፤ ጋዜጣ ላይ "እውነተኛ የኔብራስካ አነጋገር እናስተምራለን" ብለው አስነገሩ። እኔ አሁንም ስለዚህ ሳስብ ሳቄ ያመልጠኛል።

ለሄቲ ግን ይህ ሁሉ ገና ግማሹ ነበር። ሜሰን ግሮቭ ሲኒማ ቤት የድምፅ መሣሪያ ገብቶለት ፊልሙ ሲደርስ፣ እሷም በባቡር ደረሰች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከተማው አንድ ሰው ሳይቀር ተሰብስቧል። አሞስ ለቀብር ብቻ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንድ ጎኑ ሄቲ፣ አንድ ጎኑ ኤልመር።

"ልተርክልህ?" አለ ኤልመር።

"አፍህን ያዝ" አለው አሞስ።

መብራቱ ጠፋ። ለሃያ ደቂቃ ያህል የማያውቃቸው ሰዎች በማያውቀው አንደበት ሲነጋገሩ አሞስ ፊቱን ወደ ወለሉ ደፍቶ ቆየ። ከዚያ የዝናብ ድምፅ መጣ። በር ተንኳኳ። በር ተከፈተ። "ክፍል የለም።"

አሞስ ራሱን ቀና አደረገ። ባርኔጣው ከጉልበቱ ወደቀ፤ አላነሳውም። የሄቲ ድምፅ አዳራሹን ሞልቶ "ጫማህን ጠርገህ ግባ" ሲል፣ የሽማግሌው ሁለት እግሮች በጨለማው ውስጥ ወለሉን አንዴ፣ ሁለቴ ጠረጉ።

ሄቲ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ "አባዬ..." አለችው።

አሞስ እጁን አንስቶ አፏን በመዳፉ ከደነ።

"እሽሽ! ዝም በይ፣ ልጄ እየተናገረች ነው።"