ሱዳን ይወጣል የተባለው ዋሻ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ፣ ሱዳን ድንበር አጠገብ ካለችው ከኮኪት ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የተተወ እርሻ ውስጥ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ልሞት ደርሼ ስለነበር ብቻ አይደለም። ሰው ሁሉ አንድ ቀን ለሞት ይቀርባል። እኔ ግን የቀረብሁት ክርክር ለመርታት ስል ነበር።

የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ከጎንደር ሸሕዲ ወርጄ ነበር። ከአውቶቡስ ከወረድሁ ጀምሮ ስለ ፊታውራሪው ዋሻ ያልነገረኝ ሰው የለም። ፊታውራሪው በንጉሡ ዘመን ሰፊ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ የነበራቸው ባለርስት ናቸው። የድንጋይ ቤት፣ መጋዘንና የውኃ ማማ ሠርተው ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ወደ ሱዳን ሸሹ። እንዴት ሸሹ? በሌላ ነገር ሁሉ የማይስማማው የሸሕዲ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነው፦ ከቤታቸው ሥር ባስቆፈሩት ዋሻ፣ ወርቃቸውን በበቅሎ ጭነው።

እኔ ሥራዬ መጻፍ ነውና እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም። ሐኪም መናገር ቢከለክለኝ እንኳ አልችልም።

«ፊታውራሪው ጂፕ ነበራቸው ብላችሁኛል» አልሁ፣ ቁርስ ቤት ውስጥ። «ድንበሩ ቅርብ ነው። ታዲያ ምን ቆርጧቸው ነው መኪና አቁመው በበቅሎ በመሬት ሥር የሚሄዱ?»

እኔም ቀጠልሁ። በአገራችን ፍርስራሽ ካለ ዋሻ አለ። የጎንደሩ ላሊበላ ይወጣል፤ የላሊበላው አክሱም፤ የአክሱሙ ኢየሩሳሌም። አባቶቻችን ይህን ሁሉ ከቆፈሩ፣ እኛ ለውኃ ቧንቧ ብለን የቆፈርነውን አንድ ቦይ መልሰን መድፈን ለምን አቃተን?

ከጎኔ ፍርፍር ይበላ የነበረ ጎልማሳ ሳቀና እጁን ታጠበ። ምትኩ ይባላል። ቱሪስት የሚስብ ነገር እንዲፈልግ ከወረዳው መሥሪያ ቤት የታዘዘ ሠራተኛ ነው። ከቦርሳው አንድ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልኝ። የእርሻው ካርታ ነው። ከቤቱ ሥር ወፍራም ቀይ ቀስት ይነሣና ሱዳን ይገባል።

«ገብተህ አይተኸዋል?» አልሁት።

«ኧረ እኔስ አልገባሁም።»

«ታዲያ ቀስቱን በምን አሰመርኸው?»

«በማስመሪያ» አለኝ። ከዚያ አከለ፦ «ጋሼ፣ ክርክሩን ይተዉትና እንሂድ። ሞተር አለኝ።»

ስንደርስ ረፋድ ላይ ነበር፤ ሙቀቱ ግን ቀትር አስንቋል። ቤቱ ጣራ የለውም። የትራክተር አፅም የቁርቁራ ዛፍ በቅሎበት ቆሟል። እዚያ የሚኖሩት እማማ የሺ ብቻ ናቸው። ባላቸው የእርሻው ትራክተር ነጂ ነበሩ። እሳቸው ሞቱ፣ እርሻው ፈረሰ፣ እማማ የሺ ከፍየሎቻቸው ጋር መጋዘኑ ውስጥ ቀሩ።

«ዋሻውን ልናይ ነው የመጣነ፣ እማማ» አለ ምትኩ።

«የምን ዋሻ?»

«ሱዳን የሚወጣው ነዋ!»

«ሱዳን ለመውጣትማ ያውላችሁ» አሉና በዱላቸው ወደ ድንበሩ የሚሄደውን አስፋልት አሳዩን።

ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን ቀጠሉ፦ «ከመጋዘኑ ሥር ያለውን ካላችሁ የእህል ጉድጓድ ነው። ሱዳኖቹ መጥሙራ የሚሉት። ሁለት ናቸው፤ በመሐላቸው መተላለፊያ አላቸው።»

«አዩ!» አለኝ ምትኩ።

«አየህ!» አልሁት እኔ።

ሁለታችንም የረታን መሰለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊታውራሪው ዘር የሚያስቀምጡበት ጉድጓድ አስቆፍረው በሸክላ አስገንብተው ነበር። ካቻምና ጊዜው አላስተማምን ሲል የአካባቢው ሰው ማሽላውን እዚያ ደበቀ። በኋላ አወጣና አፉን በጣውላና በጭቃ መረገው። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

«መክፈቱን ክፈቱ» አሉ እማማ የሺ። «ዛሬ ግን አይገባበትም። የሚገባው ነገ ጠዋት ነው።»

«ለምን?» አልሁ።

«መተንፈስ አለበታ። ጋኔን አለበት። አፉ ተከፍቶ ሲያድር ይለቃል።»

ምትኩ ደብተሩን አውጥቶ «ጋኔን» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም አሰመረበት። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ። ስለ አጉል እምነት፣ አገራችን ለምን ወደ ኋላ እንደቀረች፣ ሌላው ሕዝብ ጋኔኑን እንዴት እንዳባረረ፣ ቆሜ ከአንድ ሙሉ ጽሑፍ የማያንስ ነገር ተናገርሁ። እማማ የሺ ዱላቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ጨረስህ?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያ ዛሬውኑ እገባለሁ ካልህ ኩራዝ ላብራና በገመድ እናውርደው። ካልጠፋ ትገባለህ፤ ከጠፋ ታድራለህ።»

«ኩራዝ ምን ያደርጋል እማማ?» አልሁና የስልኬን መብራት አበራሁላቸው። «ይኸው!»

ጠጋ ብለው አዩት። «ይሄ ይጠፋል?»

«አይጠፋም» አልሁ በኩራት።

«የማይጠፋ ከሆነ ምን ይረባል?»

እኔና ምትኩ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። እማማ የሺ አልሳቁም። ሄደው ውኃ የሚቀዱበትን ገመድ አመጡና «በል እጅህን አንሣ» አሉኝ። ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው እሺ ብዬ እጄን አነሣሁላቸው። በብብቴ ሥር አዙረው ቋጠሩት። ለእሳቸው ደስታ ብዬ የተሸከምሁት ነገር ያ ብቻ ነው።

እኔና ምትኩ ጭቃውን ሰብረን ጣውላውን አነሣንና ወረድሁ። የጉድጓዱ ግድግዳ የእግር መርገጫ አለው። ጥልቀቱ ሁለት ሰው ቢደራረብ ነው። ታች ስደርስ መሬቱ ረገበብኝ። የተረሳ ማሽላ ነው፤ እርጥበት ገብቶበት እንደ ጥንስስ ይሸታል። በግራ በኩል ዝቅ ያለ የሸክላ ቅስት አለ። በአራት እግሬ ገባሁ። አራት እርምጃ ያህል ሄድሁና ሁለተኛው ጉድጓድ ውስጥ ወጣሁ። ዙሪያውን አበራሁ። ግድግዳ ነው። ወርቅ የለም፣ በቅሎ የለም፣ ሱዳን የለም።

«ምትኩ!» ብዬ ጮህሁ። «ሱዳን ደርሻለሁ!»

የመጨረሻ ቃሌ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ምን ያህል እንደማፍር አስቡት።

ስመለስ ልቤ ያለ ልክ ይመታል፤ ራሴን ይወቅረኛል። ሙቀቱ ነው አልሁ። መርገጫው ሥር ደርሼ እግሬን ሳነሣ አልታዘዝ አለኝ። ስልኬ ከእጄ ወደቀና እህሉ ላይ ሆኖ ቦግ ብሎ ይበራል። ትንሽ ልቀመጥና ጽሑፉን እንዴት እንደምጀምረው ላስብ ማለቴ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

የቀረውን የነገረኝ ምትኩ ነው። ስወድቅ ሲያይ ሊያወጣኝ ዘሎ ሊገባ ነበር። እማማ የሺ ቅልጥሙን በዱላ መቱትና ቀበቶውን ጨምድደው ያዙት። ባላቸው በሕይወት ሳሉ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሁለት ወንድማማቾችን አከታትሎ ሲበላ አይተዋል፤ ሁለተኛው የገባው የመጀመሪያውን ሊያወጣ ነበር።

«አንድ ቂል ይበቃል!» አሉት። «ሞተርህን አስነሣ!»

ገመዱን በመጋዘኑ አግዳሚ ላይ አሳልፈው ሞተሩ ላይ አሰሩት። እኔ፣ ይህን ያህል መጻሕፍት ያነበብሁ ሰው፣ እንደ ጆንያ ማሽላ ተጎትቼ ወጣሁ። ስነቃ ቁርቁራው ሥር ተኝቼ አናቴ ላይ ውኃ ይፈስብኛል። ልናገር አፌን ስከፍት ወደላይ አለኝ። በሕይወቴ ክርክር ሳልጀምር የነቃሁበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ሸሕዲ ስንገባ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ማታ ላይ «ከጎንደር የመጣው ምሁር ዋሻው ውስጥ ጋኔን በጥፊ አጠናገረው» ተባለ። እዚያው ቁርስ ቤት ሰው ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ዋሻ እንደሌለ፣ አራት እርምጃ ሄጄ ግድግዳውን በእጄ እንደዳሰስሁት ነገርኋቸው።

«ሳይጨርሱት ወድቀው እኮ ነው፣ ጋሼ» አለኝ ምትኩ፣ እያዘነልኝ።

እንግዲህ አስቡት። የዋሻውን ወሬ ላጠፋ ሄጄ ማስረጃው ሆንሁ። በምትኩ ወረቀት ላይ ቀይዋ ቀስት ዛሬም አለች። ከጎኗ «ደፍሮ የገባ አንድ የታወቀ ጸሐፊ ራሱን ስቶ ወጥቷል» የሚል ተጨምሯል። «የታወቀ» ያለኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው፤ ልከሰው አልቻልሁም።

በማግስቱ የጎንደሩን አውቶቡስ ትቼ ስኳርና ሳሙና ይዤ እማማ የሺ ዘንድ ተመለስሁ። አመሰገንኋቸው። እጃቸውን ልስም ስል ነጠቁኝና «ወግድ፤ ይልቅ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥሁ። መቀመጡ ካልቀረ ብዬም ነገሩን አስረዳኋቸው። ጋኔን እንዳልሆነ፣ እርጥብ እህል ሲብላላ ንጹሑን አየር በልቶ መጥፎውን እንደሚተፋ፣ መጥፎው ከባድ ስለሆነ ታች እንደሚተኛ፣ ኩራዙም የሚጠፋው በዚህ ምክንያት እንደሆነ።

ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። «ስሙ ማን አልኸኝ?»

«ካርቦን ዳይኦክሳይድ።»

«ይህን ትናንት ነው ያወቅኸው?»

«ኧረ አይደለም እማማ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«እህሉ የት እንደሚብላላ፣ አየሩ የት እንደሚተኛ፣ ሁሉን?»

«ሁሉንም።»

ትክ ብለው አዩኝ። በፌዝ አልነበረም፤ በእውነት ግራ ገብቷቸው ነው።

«ታዲያ፣ ልጄ፣ ለምን ገባህ?»

ዓመት ሆነው። ዋሻ የለም፤ ይህን ዛሬም ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም እናገራለሁ። ስለዚያ ቀን ሳስብ ግን ከሞቱ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ የእሳቸው ጥያቄ ነው። በዕድሜዬ መልስ ያጣሁለት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ብዙ ጊዜ መልስ አጥቻለሁ። መልስ አጥቼ ዝም ስል ግን የመጀመሪያዬ ነው።