ከአቂቃው በግ ጋር የተቀበረው ጃርት

ሰሞኑን እዚህ ኦምዱርማን ጎረቤቴ ገዳሪፍ ካሉ ዘመዶቿ እርሻ የተላከላትን ፎቶ አሳየችኝ። እርጥብ አፈር ላይ የትንሽ እግር ዱካ ነው። «የሕፃን ነው ብለው ፈርተዋል» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ጃርት የኋላ እግሩን እስከ ተረከዙ አሳርፎ ስለሚራመድ ዱካው የልጅ ይመስላል። የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ጃርትን ግን እንዴት ብዬ እረሳለሁ?

ከጦርነቱ በፊት፣ ካላክላ የሚባል ሰፈር ከእትዬ ዘይነብ ጋር በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። የወሎ ሰው ናቸው፤ አል-ሳሃፋ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ። እኔ የስደተኛ ልጅ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነበርኩ። በአጥንት ትምህርት አንዴ ወድቄያለሁ፤ ሁለተኛ ከወደቅኩ ስንብት ነው። መምህሩ ለድጋሚው ፈተና የጃርት እግር አጥንቶች በከረጢት ሰጠኝ፣ አጥንቼ እንድገጣጥም። አጥቤ ጓሮ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አሰጣኋቸው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበርና አፈሩ ለስላሳ ነው፤ ከየቤቱ የባሚያ ሽታ ይመጣል።

በዚያው ቀን ለጎረቤታችን አራስ ልጅ የአቂቃ በግ ታረደ። የአቂቃ አጥንት አይሰበርም፤ የልጁ ገላ ደህና እንዲሆን ከየመገጣጠሚያው ይለያያል፣ ከተበላ በኋላም ተሰብስቦ ይቀበራል። እትዬ ዘይነብ አጥንቱን ሲሰበስቡ ነጭ ጨርቅ ላይ የተኛውን፣ አንድም ያልተሰበረውን የኔን አዩ። ከበጉ ጋር አንድ ጉድጓድ ቀበሩት፤ ዱዓም አደረጉለት።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥንቶቼን ካሰጣሁበት አጣኋቸው፤ እትዬ ዘይነብን ጠየቅኳቸው።

«ወላሂ የበጉ መስሎኝ ነው ልጄ» አሉ። የተቀበረ አቂቃ ማውጣት እንደሚያስፈራቸው ስለማውቅ ባዶውን ከረጢት አጣጥፌ አስቀመጥኩ።

«ኢምቲሃኑን ብትወድቂስ?» አሉኝ።

«የሰው ቤት ሥራ እፈልጋለሁ።»

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ያላ፣ ቆፍሪ። የልጁን አቂቃ ግን እንዳትሰብሪብኝ።»

በእጃችን ጫርን። የበጉ ክንድ ሁለት አጥንቶች አንድ ላይ ተጣብቀዋል፤ የጃርቱ ለየብቻ ናቸው። በጉ ቅልጥመ ረጅም፣ ባለ ሁለት ጣት ነው። ጃርቱ አጭርና ደንዳና፤ ፊት እግሩ ላይ አራት ባለ ጥፍር ጣትና ምስር የምታህል አውራ ጣት፣ ኋላው ላይ አምስት። ከመጽሐፍ አልገባ ያለኝ ሁሉ በጣቶቼ ገባኝ። የኋላ እግሩን ስገጣጥመው እትዬ ዘይነብ ትክ ብለው አዩት።

«ሰዓዳን ጥያት ስመጣ እግሯ ይህንኑ ያህል ነበር» አሉ። ወሎ ልጅ እንዳለቻቸው ያን ቀን ሰማሁ። በጉን ሳንሰብር መልሰን ቀበርነው።

ፈተናውን ማለፌን ስነግራቸው «አልሐምዱሊላህ፣ አንዷ ልጄ ተሻገረችልኝ» አሉ።

ጦርነቱ ካላክላን ሲበትነው ተጠፋፋን። ይናፍቁኛል። የወሎ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ እትዬ ዘይነብ አገራቸው ገብተው ሰዓዳን አይተዋት እንደሆነ የሚነግረኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም።