ያልጠማው አበባ

እኛ መቱ ሰፈር ሰው የሚታማው በሁለት ነገር ነው፤ ወይ ባደረገው፣ ወይ ሊያደርገው ይችል በነበረው። እትዬ ሁሪያ ግን የታሙት ውሃ በማጠጣት ነው። የዓመቱን አብዛኛውን በሚዘንብበት አገር፣ ጃንጥላ ይዘው በዝናብ አበባ ሲያጠጡ የታዩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ድግምት ነው እንጂ ደህና ሰው እንዲህ ያደርጋል?» አለች ጎረቤታችን ዘውደነሽ። ወሬውን ገበያ ድረስ ያደረስኩት ግን፣ ምን ልዋሽ፣ እኔ ነኝ። ትንሽ ቅመምም ጨምሬበታለሁ። ገበያው ላይ ኮረሪማና በርበሬ የሚሸጡት ደግሞ ራሳቸው እትዬ ሁሪያ ናቸው!

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ፣ ከወረባቦ፣ በሰፈራ ከወንድማቸው ጋር ሲመጡ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። በሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. ወንድማቸው መሀመድ ሰዒድ አገር ቤት ደርሶ ሲመለስ፣ ከእናታቸው መቃብር አጠገብ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ የነቀላቸውን ሦስት ሥሮች በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣላቸው። ቢጫ አበባ ነው። አደይ አይደለም፤ አደይ መስከረምን አድምቆ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ይሄኛው ሥሩን ድንጋይ ውስጥ ቀብሮ፣ በበጋ የሞተ መስሎ፣ ዓመት ዓመት ይመለሳል። ስሙን የሚያውቅ ስለጠፋ «የእማ አበባ» አሉት።

የመጀመሪያው በሁለት ወሩ በሰበሰ። እትዬ ሁሪያ «ጠምቶት ነው» ብለው ለሁለተኛው ውሃ ጨመሩለት። እሱም በሰበሰ። ሦስተኛው በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ መሀመድ ሰዒድ ሞተ። የእናታቸው መቃብር የት እንደሆነ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ያ ቆርቆሮ ባዶ ከሆነ ከእናታቸው የሚቀራቸው ነገር የለም።

አንድ የገበያ ቀን፣ ከያዮ ማር የሚያመጡት ጋሼ አብደታ ኮረሪማ ሊገዙ እቤታቸው መጡ። ቅጠሉ ገርጥቶ ሲያዩ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ።

«ቢሻን ገኤራ! ውሃው በቅቶታል! አንቺ ሴትዮ፣ አበባ ነው ወይስ ሩዝ የተከልሽው?»

«ጠምቶት እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«አልጠማውም።»

«አልጠማኝም የሚል ሰው አውቃለሁ» አሉ እትዬ ሁሪያ። «ውሸቷን ነበር።»

ጆሮዬን አቁሜ እዚያው ነበርኩ። የሰማሁትን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁም፤ ዛሬም አስፈቅጄ ነው። በዚያ በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ እርዳታ መጠለያ በር ላይ ለእናትና ለልጅ አንድ ጣሳ ውሃ ተሰጣቸው። እናት «አንቺ ጠጪ፤ እኔ አልጠማኝም» አሉ። ልጅቷ ጠጣች፤ ጣሳውንም ላሰችው። በሦስተኛው ቀን እናት አረፉ።

ጋሼ አብደታ ሥሩን ቀስ አድርገው አወጡት። እንደ ጎደሬ ወፍሯል፤ አንድ ጎኑ ግን ላሽቋል። የላሸቀውን በቢላ ቆርጠው ጣሉና፣

«እይው፤ ይሄ ጎተራ ነው። ውሃውን እዚህ ከትቷል። እናትሽ ጎተራ አልነበራቸውም፤ ይሄ አለው» አሉ።

የቆርቆሮውን ቂጥ በምስማር በሳሱት፣ ጠጠርና አሸዋ ሞሉት፣ ዝናብ የማይደርስበት ፀሐያማ መስኮት ላይ አስቀመጡት። «በየወሩ መጥቼ በስኒ አጠጣዋለሁ። እስከዚያ ጠብታ እንዳትሰጪው።»

በሦስተኛው ቀን እትዬ ሁሪያ ጆጋቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። «ያዢልኝ ልጄ፤ እኔ ጋ ካደረ ጉድ ይሠራኛል።» በማግስቱ በማንቆርቆሪያ ሲሞክሩ ዘውደነሽ በአጥር ላይ ያዘቻቸው።

«አንቺ ሁሪያ! እጅሽን ሰብስቢ!»

«ውዱዕ ላደርግ ነው!»

«መስኮቱ ላይ?»

ማንቆርቆሪያውም ቀን ቀን እሷ ዘንድ ታሰረ፤ ለሶላት እየተፈታ።

ጥር ላይ ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ። እትዬ ሁሪያ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ቆርቆሮው ፊት ይቀመጡ ነበር። «እሷንም እንዲህ ነው ያየኋት» ይሉኛል። መብል የሚጾም ብዙ አይቻለሁ፤ ማጠጣት የጾመ ግን እሳቸውን ብቻ ነው። አለቀሱ፣ ከጋሼ አብደታ ጋር ተጣሉ፣ አላጠጡም።

መጋቢት ላይ ከጠጠሩ መሐል አንዲት አረንጓዴ ጥፍር ወጣች። መስከረም ላይ መስኮቱ በሙሉ ቢጫ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሥሩ በዝቶ ሰፈሩ ሁሉ «ለእኛስ?» አለ። እትዬ ሁሪያም «ጆጋችሁን አምጡና ውሰዱ» አሉ። ለመያዣ ነው፤ ጆግ የሚመለሰው አበባው ካበበ ብቻ። ቀድማ የደረሰችው፣ ድግምት ነው ያለችው ዘውደነሽ ናት። ስድስት ጆግ ግድግዳቸው ላይ ተሰቀለ፤ አንዱ የእኔ ነው።

ባለፈው በጋ ዘውደነሽ ጆጓን ልትለምን መጣች።

«አበባሽ ጠማው?» አሏት።

«ኧረ አልጠማውም፤ ጆጉን ለእንግዳ ፈልጌው ነው!»

እትዬ ሁሪያ ነጠላቸውን አጣፍተው እቤቷ ድረስ ሄዱ። የደረቀውን ግንድ ገለጥ አድርገው ሥሩን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ጠጣር ነው፤ ጎተራው ሙሉ ነው።

«እውነትሽን ነው» አሉ፤ እስኪያብብ ሳይጠብቁም ጆጉን ሰጧት።