የአስቴር ሐሙሶች

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ማረሚያ ቤት ሥራ ያዘች። የተመረቀችው በሥነ ልቦና ነው። «እማማ፣ የማማክረው ታራሚዎቹን አይደለም፤ እነሱን የሚከታተሉትን ሠራተኞች ነው» ብላ ልታስረዳኝ ብዙ ደከመች። አውቀዋለሁ አላልኳትም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እኔና አስቴር ጉለሌ፣ ከዊንጌት ብዙ ሳይርቅ ባለ ቢሮ በአመክሮ የተፈቱ ሰዎችን እንከታተል ነበር። ሰዎቹ በየሳምንቱ መጥተው ይፈርማሉ፤ እኛም ቤታቸው እየሄድን ኑሯቸውን እናያለን። የሰው መከራ ይዘን ቤታችን እንደምንገባ የገባው አለቃ ኖሮ መሰለኝ፣ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ያነጋግሩን ጀመር። ዶክተር እንላቸዋለን።

እኔ ሩብ ሰዓት ሳይሞላኝ እወጣለሁ። አስቴር ሰዓት ሙሉ ትቆያለች። ዓይኗ ቀልቶ ትወጣና ወዲያው ትስቃለች፤ ከደጅ የበቆሎ ጥብስ ገዝታ ለሁለት ትሰብርና ትልቁን ለእኔ ትሰጠኛለች። እሱን እየጋጥኩ አስባለሁ። ከእሷ በፊት የተቀጠርኩት እኔ፣ አንድ ቀን ያላረፈድኩት እኔ፤ ታዲያ ዶክተር ምን አይተውባት ነው?

አንድ ዝናባማ ሐሙስ በዶክተር ክፍል ስስ የጣውላ ግድግዳ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

«የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ሁለት ሳምንት ቀረ» ትላለች አስቴር እያለቀሰች። «ሚስቱ በጠና ታማበት ነው። እንደመጣ አድርጌ መዘገብኩት። ከታወቀ ይመልሱታል።»

በማግስቱ ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። «ጓድ፣ የአስቴርን መዝገብ ቢያዩት ጥሩ ነው» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ሸማኔው ተመልሶ ታሰረ። አስቴር ተባረረች። ዕቃዋን ስትሰበስብ «ዶክተር ናቸው እኮ! ከእሳቸው በቀር ለማንም አልተናገርኩም» አለችኝ። ካርቶኑን ያዝኩላት።

የሚቀጥለው ሐሙስ ዶክተር «ዛሬ ጊዜ አለን፤ ቀስ ብለሽ አውሪ» አሉኝ። ያን ያህል የተመኘሁት ሰዓት ነው። «የአስቴርን ነገር ለኃላፊው የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለእሷስ ነግረሻታል?»

በእንጦጦ ዳገት፣ በጭቃው፣ ቤቷ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ነገርኳት።

«ምን አደረግኩሽ?» አለች።

«ምንም። አንቺ ብዙ ትቆዪ ነበር።»

ትክ ብላ አየችኝና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ሸማኔው ሲፈታ ሚስቱ በሕይወት አልጠበቀችውም።

ጸጸቱን ለምጄዋለሁ፤ ከእሱ ጋር አርጅቻለሁ። የማልለምደው ሌላ ነው፦ ያን ቀን ከኃላፊው ቢሮ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሰው ከእኔ አስበልጦ ሌላውን ሲወድ ሳይ ያቺ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ውስጤ ብድግ ስትል ይሰማኛል። እንደ ድሮው አልታዘዛትም እንጂ ሄዳለች ብዬ አልዋሽም።