የመነጽሩ ሥልጠና

አዳማ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጬ፣ ቡልቡላ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለተሰበሰቡ የፀረ ተባይ ኬሚካል ረጪዎች በዙም ሥልጠና ሰጠሁ። መነጽር ሳታደርጉ እንዳትረጩ እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ለፈለፍኩ። «ገባችሁ?» ብዬ ዝም ስል፣ ሁሉም በአዎንታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጎበዞች ብዬ ኮራሁ።

በሳምንቱ አንዷ ሠልጣኝ ኬሚካሉ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ሆስፒታል መተኛቷን ሰማሁ። ልጠይቃት ስሄድ ሁለቱም ዓይኖቿ በፋሻ ተሸፍነዋል። ደሜ ፈላ።

«መነጽር አድርጉ ብዬ አልጮህኩም?»

«ጋሼ፣ ያን ቀን ድምፅዎ እኮ አልመጣም።»

«ታዲያ አንድ ሰው አይናገርም?»

«እንደዚያ እየለፉ፣ እንዴት ብለን እናሳፍርዎት?»

ለካ ማይኩን ሳልከፍት ነበር የለፈለፍኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እንደዚያን ቀኑ፣ በፋሻ የተጠቀለለ ራሷን ነቀነቀችልኝ።