የኡስታዝ ናዲም ግድግዳ

ኡስታዝ ናዲም (እኛ ዓረቦች መምህሩን ሁሉ ኡስታዝ ነው የምንለው) እዚህ ዛህሌ ከተማ ሥነ ዜጋ ሲያስተምር መጽሐፉን የሚገልጠው ለይምሰል ነው። ትምህርቱ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ከኢንተርኔት የለቀመውን ቪዲዮ ከስልኩ በፕሮጀክተር ይለቀዋል፦ አንድ የጃፓን ሹም ጎንበስ ብሎ ሕዝቡን ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ኬንያውያን ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ድምፅ ሲሰጡ። ሲያበቃም ሁልጊዜ፣ «ይሄ ከሰማይ አልወረደላቸውም። አገራቸው የቀሩ ሰዎች ናቸው ያመጡት» ይላል።

እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ስብከት አልወድም። ተማሪያችን ጁማና ግን ከልቧ አመነችው። ሞንትሪያል ያለው አጎቷ ወስዶ ሊያስተምራት ሲል፣ ናዲም ቤታቸው ድረስ ሄዶ «እንዲህ ያለች ልጅ ከሄደች ማን ሊቀር ነው?» ብሎ እናቷን አሳመነ። ልጅቷ ቀረች። አጎቷም በእሷ ፈንታ የአክስቷን ልጅ ወሰደ።

ባለፈው የካቲት፣ መምህራን እየተሰደዱ ስላለቁ የሁለታችን ተማሪዎች አንድ ክፍል ታጨቁ። እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። የናዲም ቪዲዮ እንዳለቀ፣ ስልኩ «ቀጥለው ይመልከቱ» ብሎ የራሱን ምርጫ ግድግዳው ላይ ደረደረው። ስልክ መቼም ባለቤቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያየውን አይረሳም።

«የካናዳ ቪዛ ለመምህራን»። «ከመሄድዎ በፊት የሚሸጡ ዕቃዎች»። «የሞንትሪያል ብርድ ከልጆች ጋር»።

ናዲም ሊያጠፋው ሲጣደፍ ስልኩ ከእጁ ወደቀ። በየሰዓቱ የሚጠፋው መብራት እንኳ ያን ቀን አልጠፋ ብሎ ጨከነበት።

«ኡስታዝ፣ ሶፋውን ለእኛ ያስቀሩልን!» አለ አንዱ ቀልደኛ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጁማና አልሳቀችም።

«መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ጁማና፣ የኔ ልጅ...»

«መቼ ነው አልኩዎት እኮ።»

«ሰኔ ላይ» አለ ድምፁ ሰልሎ። «ምን ላድርግ? ልጆች አሉኝ።»

«እናቴም ልጅ ነበራት።»

ደሞዛችን የጄኔሬተር መብራት ሂሳብ እንኳ እንደማይከፍል አላጣሁትም። ቢሆንም ደሜ ፈላ፤ ተነስቼ አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ።

«በሉ ይክፈቱልን» አለች ጁማና። «የሌላ አገር ፖለቲካ አይደል? ያስተምሩን።»

ስልኩን ከመሬት አነሳና የቪዛውን ከፈተ። ዓመቱን ሙሉ ብዕር ያልነኩ ልጆች ደብተር ገልጠው ይጽፉ ጀመር፤ ያመለጠው ከጎረቤቱ ይገለብጣል። እኔም፣ ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፣ ኪሴን ዳብሼ ብዕር አወጣሁ።

ጁማና ብቻ አልጻፈችም። እጇን አጣጥፋ፣ ግድግዳውን ትታ እሱን ታየው ነበር።